ስለ ኢነርሺያ ያልጨረስኩት ዓረፍተ ነገር

ደባርቅ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ዳባትም እንዲሁ። ስለዚህ ሙሉውን አልጽፈውም። ተማሪዎቼ «ቲቸር የሺ» ይሉኝ ነበር፤ ለዚህ ጽሑፍ እሱ ይበቃል። የርእሰ መምህራችንንም ስም አልጽፍም። ይህን የማደርገው አዝኜለት አይደለም። ስሙ ተጽፎ ቢያይ ደስ የሚለው ሰው ስለነበረ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ከማስተማር ዘመንሽ የማትረሺው ምንድን ነው?» የሚሉኝ አሉ። የሚያስቅ የሚያስቀውን እየመረጥኩ እነግራቸዋለሁ። የዛሬውን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው መናገር ስለቀለለኝ አይደለም። ይህን ነገር ማወቅ የሚገባት አንዲት ሴት አለች። ሁለት ጊዜ ፊቷ ቆሜ፣ ሁለት ጊዜም ሳልነግራት ተመለስኩ። ማን እንደሆነች በቦታው እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ፕላዝማ ወደ ትምህርት ቤታችን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ያልደረሳችሁበት ካላችሁ፣ ፕላዝማ የምንለው ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ሰፊ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል። ማያው ላይ ያለው መምህር ግማሽ ሰዓት ያህል በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምራል። «ጥያቄውን ሥሩ» ብሎ ትንሽ ይጠብቃል፤ ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሳ «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። ለክፍሉ መምህር የሚቀርለት ከፊት አምስት ደቂቃ፣ ከኋላ አምስት ደቂቃ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ በመጨረሻ የሳጥን ቁልፍ ያዥ ሆንኩ።

አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሳይንስ ከሚያስተምሩት መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባልም ልጅም አልነበረኝም። ይህን የማነሳው ኋላ በግምገማ ላይ ስለተነሳብኝ ነው።

ከተማሪዎቻችን የሚበዙት የገጠር ልጆች ነበሩ። ሦስት አራት ሆነው ደባርቅ ቤት ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ድርቆሹን፣ በሶውንና ሽሮውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ቀያቸው በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የሆነው ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ይሳፈሩ ነበር። ሹፌሮቹ ይጭኗቸዋል እንጂ ቁልቁለቱ ላይ አይቆሙላቸውም። ስለዚህ ልጆቹ መኪናው መታጠፊያ ላይ ቀዝቀዝ ሲል፣ እያንዳንዱ በየቀዬው መገንጠያ ይዘላል። ሰኞ ሰኞ ክፍል ስገባ የተላጠ ጉልበትና የተገጠበ ክርን አይ ነበር። አንዳንዱ ቁስሉን እንደ ሜዳሊያ ያሳያል።

አንዲት ልጅ ብቻ አትዘልም። የሻረግ ትባላለች፤ የቄስ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከፊት ሁለተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ። መኪናው ታች ሜዳው ላይ እስኪቆም ድረስ ጭነቱን ጨብጣ ትወርድና፣ ያለፈችውን መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ዳገቱን ትመለሳለች። ወንዶቹ ያሾፉባታል።

«የሻረግ እኮ መኪናው አዲ አርቃይ ደርሶ፣ ጭነቱን አራግፎ፣ ሲመለስ ነው የምትወርደው!» ይላል ዘመነ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ።

«አንተስ ጥርስህን የት አወረድከው?» ትለዋለች። ዘመነ አንዱን የፊት ጥርሱን ያጣው በዝላይ ነበር።

ያን ማክሰኞ የፕላዝማው ትምህርት ስለ ኢነርሺያ ነበር፤ የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ። ማያው ላይ አንድ ባቡር አለፈ። ቀጥሎ አንድ ሰው በረዶ ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ተማሪዎቼ ባቡር አይተው አያውቁም። በረዶ ሲባል የሚያውቁት ገብስ የሚያወድመውን ነው።

«ቲቸር፣» አለች የሻረግ ቀስ ብላ፣ «ሰውየው በረዶው ላይ ምን ይሠራል?»

ፕላዝማ እያስተማረ መነጋገር ክልክል ነው። በዴስኮቹ መካከል አለፍኩና ደብተሮቻቸውን አየሁ። ቀኑን ጽፈዋል። ከቀኑ በታች ምንም የለም። በዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ልጆች፣ ሁሉም ቀን ብቻ።

ሳጥኑን ከፈትኩና አጠፋሁት።

«ደብተራችሁን ይዛችሁ ውጡ፣» አልኳቸው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ማማሩ ውሃ የሚቀዱበት የእጅ ጋሪ ነበራቸው። በር ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ ማማሩ፣ ጋሪዎን ያውሱኝ።»

«ምነው፣ ውሃ ልትቀጂ ነው? ደመወዝ አነሰሽ እንዴ?»

«ፊዚክስ ላስተምርበት ነው።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስገፋው ፊዚክስ መሆኑን አልነገርሽኝም!» አሉና ጀሪካኖቹን እያወረዱ ሰጡኝ።

ዘመነን ጋሪው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ልጆች በድንገት ሲገፉት ወደ ኋላው ተዘረረ። ጋሪው እየሄደ ሳለ በድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ወደ ፊት ተወርውሮ ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

«ቲቸር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ አፈሩን እየተፋ።

«አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ሰውነትህ ነው አመሉን ያልተወው፣» አልኩት። «ስሙ። የቆመ ነገር እንደቆመ መቅረት ይወዳል። የሚሄድ ነገር እንደሚሄድ መቀጠል ይወዳል። ሌላ ኃይል መጥቶ እስኪገፋው ወይም እስኪያቆመው ድረስ በራሱ አይለወጥም። ጋሪው ቆመ፤ ዘመነን ግን ማን አቆመው? ማንም። ስለዚህ ቀጠለ። ኢነርሺያ ማለት ይኸው ነው።»

ስለናት የምትባል የየሻረግ የቤት ተጋሪ «በቃ? ይኼው ነው?» አለች። ይኼው ነው፣ አልኳት። እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ በማስተማር ሕይወቴ አላየሁም።

ከዚያ የሻረግ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንግዲያስ ከጭነት መኪና ላይ ሲዘሉ የሚወድቁት ለዚህ ነው? ሰውነታቸው ገና ከመኪናው ጋር እየሄደ ስለሆነ?»

«ልክ ነሽ። እግር መሬት ሲነካ ይቆማል። ከወገብ በላይ ያለው ግን የመኪናውን ፍጥነት እንደያዘ ነው። ስለዚህ ይደፋል።»

«ታዲያ እንዴት ቢያደርጉ ነው የማይወድቁት?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ነገርኳት። ፊትን መኪናው ወደሚሄድበት ማዞር፣ መሬት እንደረገጡ አለመቆም፣ ከመኪናው ጋር መሮጥ፣ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እስኪያልቅ። ሰው በተግባር ካላየው አይያዝም ብዬም ጋሪው ላይ አወጣኋትና እየተገፋ ሳለ አስወረድኳት። በመጀመሪያው ወደቀች። በሁለተኛው ተንገዳገደች። በሦስተኛው ሮጠች። አራት አምስት እርምጃ ሮጣ ቆመችና ዞር ብላ አየችኝ። «አልወደቅሁም!» አለች። ክፍሉ አጨበጨበላት።

«አሁን ዋናውን ስሙ፣» አልኩ እጄን አንሥቼ። «ይኼ የሚሠራው…»

«ወይዘሪት የሺ!»

ርእሰ መምህሩ ከቢሮው በር ላይ ነበር። ወይዘሪት የምትለዋን ቃል ሁልጊዜ ሰው ባለበት ጮክ ብሎ ነው የሚላት።

«ይኼ ምንድን ነው? የገና ጨዋታ ነው? ፕላዝማው ለባዶ ክፍል ያስተምር?»

«ለባዶ ክፍልማ ዓመቱን ሙሉ አስተምሯል፣» አልኩት።

ተማሪዎቹ ሳቁ። መሳቅ አልነበረባቸውም፤ እኔም ማሳቅ አልነበረብኝም። ፊቱ ተለወጠ።

«ሁላችሁም ክፍል ግቡ! አሁን!»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀረኛል።»

«ዓረፍተ ነገርሽን በግምገማ ላይ ትጨርሺዋለሽ።»

ልጆቹ ገቡ። እኔም ገባሁ። ሳጥኑን ከፍቼ ፕላዝማውን አበራሁት። ሰውየው አሁንም በረዶው ላይ ይንሸራተታል።

ሐሙስ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ ዓርብ ጠዋትም። ሁለቱንም ጊዜ ፕላዝማው አስተማረ። እኔ እጄን አጣጥፌ ከጎኑ ቆምኩ።

ዓርብ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቴ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ስለናት እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ የለም፤ እጇ ላይ ደም አለ።

«ቲቸር… ጤና ጣቢያ… የሻረግ…»

«ምን ሆነች?»

«ዘለለች።»

መንገድ ላይ እየሮጥን ነገረችኝ። ከመኪናው ላይ የነበሩት ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ወደ የሻረግ ቀዬ መገንጠያ ሲቃረቡ ዘመነ እንደ ልማዱ «አዲ አርቃይ ስትደርሺ ሰላም በይልን» አላት። እሷ ግን ተነሣች። ደብተሮቿን ለስለናት ሰጠቻት። «ቲቸር አሳይታናለች እኮ፤ ዛሬ በጊዜ ቤቴ እገባለሁ» አለች። ሌሎቹ የሚዘሉት መታጠፊያው ላይ ነው፤ መኪናው እንደ ሰው ሲሄድ። የየሻረግ መገንጠያ ግን ከመታጠፊያው በፊት፣ መኪናው በሚምዘገዘግበት ቀጥታ መንገድ ላይ ነበር። ፊቷን ወደ መኪናው መሄጃ አዞረች፤ ወረደች፤ ሮጠች።

«ሮጠች፣ ቲቸር። አላቆመችም። እግሯ እምቢ እስኪላት ሮጣለች።»

የጭነቱን ሣንቃ እየደበደቡ ሹፌሩን ሲያስቆሙት ሩቅ ሄደው ነበር። ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሌላ መኪና ነው ያነሣት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች። ግንባሯ በፋሻ ተጠቅልሏል። ነርሷ ወደ ጎን ጠራችኝና ጉዳቱ ከውስጥ መሆኑን፣ ቶሎ ጎንደር መድረስ እንዳለባት ነገረችኝ። መኪናቸው ሌላ ታማሚ ይዞ ወጥቷል። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ዓይኗን ገለጠች።

«ቲቸር።»

«እዚህ ነኝ።»

«ሮጫለሁ እኮ። እንዳሉን ነው የሮጥኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እግሬ አልደርስ አለኝ።» ግንባሯ ተቋጠረ፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲከብዳት እንደምትሆነው ማለት ነው። «ምኑን ነው የሳትኩት?»

መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አፌ ላይ ነበር።

«ዝም በይ፣ የኔ እናት። አትድከሚ፣» አልኳት።

የሚቀጥለውን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። መኪና ያገኘው ርእሰ መምህሩ ነው። እኔ እጇን ይዤ ስቀመጥ እሱ ከተማውን ዞሮ የአንድ ነጋዴ ፒክአፕ ለምኖ አመጣ፤ ከቤቱም ፍራሽ አስወጣ። ከኋላ እሷን አስተኛናት፤ ነርሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በእግሯ በኩል፣ እኔ በራሷ በኩል ሆንን። የዚያን ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭንቅላቷ ወደ ፊት እንዳይሄድ በሁለት እጄ ያዝኩት። ሲነሣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያዝኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሕግ በመዳፌ ውስጥ ነበር።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ርእሰ መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዝለሉ ብለሽ አስተማርሻቸው።»

«አልጨረስኩም ነበር። እንዳልጨርስ ያደረግኸኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ዝለይ አልኳት?»

«ብትተወኝ አትዝለሉ እላቸው ነበር!»

«ምን ዓይነት መምህር ነው አደጋውን መጨረሻ ላይ የሚናገር?»

«እናንተ፣» አለች ነርሷ፣ «እባካችሁ! ትሰማለች።»

ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን። የሻረግ ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነበር። መስማቷን አላውቅም። የዳባት ቤቶች ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ነርሷ የየሻረግን አንገት ነካች፤ ደግማ ነካች። ከዚያ በመዳፏ የጋቢናውን ጣሪያ መታች። መኪናው ቆመ። የየሻረግን ራስ አሁንም አጥብቄ ይዤ ነበር፤ ነርሷ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊማሊሞን ወርደን፣ ከዋናው መንገድ በእግራችን ገብተን፣ በደብሯ ቀበርናት። ከትምህርት ቤቱ ብዙ ሰው ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ወደ ለቅሶው ቤት ሲሄድ ስለናት የደብተሮቹን ጥቅል ሰጠችኝ። «ለአባቷ ይስጡልኝ፣ እኔ አልችልም» አለች። ጥቅሉን በነጠላዬ ውስጥ ያዝኩት።

አባቷ ቄስ አስረስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። በእጃቸው ጠሩኝ።

«የየሻረግ መምህርት አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባ። እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«ልጆቹ መምህሯ ያስተማረቻትን አደረገች ይላሉ። ምንድን ነው ያስተማርሻት?»

«አባ፣ አሁን ጊዜው…»

«ንገሪኝ። እኛ ጋ ትምህርት ቃል በቃል ነው። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል። ተማሪ የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ከጉባኤ አይነሣም። አንቺም እንደዚያው ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። የቆመ ነገር እንደቆመ መቅረት ይወዳል፣ አልኩ። «የቆመ ነገር እንደቆመ መቅረት ይወዳል፣» አሉ። የሚሄድ ነገር እንደሚሄድ መቀጠል ይወዳል። ተቀብለው አሉት። ከመኪና ሲወርዱ ፊትን ወደ መኪናው መሄጃ ማዞር፣ አለመቆም፣ መሮጥ። እንደ ተማሪ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድም ቃል ሳያጎድሉ ደገሙት።

«ታዲያ ይህን ካደረገች ለምን ሞተች?»

«መኪናው ሰው መሮጥ ከሚችለው በላይ ከፈጠነ፣ ፊት ማዞርም መሮጥም አያድንም። ያን ጊዜ አለመውረድ ነው።»

«መኪናው ሰው መሮጥ ከሚችለው በላይ ከፈጠነ፣» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ። «ዋናው ይኸኛው ነው። ይህንንስ ነግረሻት ነበር?»

ርእሰ መምህሩ ከቅጥሩ ውጭ ከሽማግሌዎች ጋር ቆሞ ወደ እኛ ያያል። ምን ልላቸው እንደምችል አስቡ። አቋርጠውኝ ነው ልል እችል ነበር፤ እውነት ነው። አልነገርኳትም ልል እችል ነበር፤ እሱም እውነት ነው።

«ነግሬያታለሁ፣ አባ፣» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ወደ አዲሱ መቃብር መለሱ።

«ዳዊት ስትደግም አንዲት ቃል አታስትም ነበር፣» አሉ ኋላ። «እንግዲያስ ይችን አልያዘቻትም። የዓለሙ ትምህርት ልቧን በተነው።» ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፣ መምህርት። ልጄ አልሰማችም።»

ጥቅሉ በነጠላዬ ውስጥ እንዳለ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ግምገማ ተደረገ። ርእሰ መምህሩ ፕላዝማ አጥፍቼ ተማሪ ከመኪና መዝለል እንዳስተማርኩ ተናገረ። ልጅ ያላሳደገ ሰው የልጅ ነገር እንደማይገባውም ጨመረበት፤ አንድ ሰው እንኳ ተው አላለውም። እኔም ተነሥቼ ትምህርቴን በመሐል የቆረጠው እሱ መሆኑን፣ ቀሪውን ለማስተማር ተዘጋጅቼ እንደነበር ተናገርኩ። ጋሼ ማማሩ ተጠርተው «አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀረኛል ብላዋለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው መሰከሩልኝ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አግኝቼ ዳባት ተዛወርኩ። እሱም በዓመቱ ተዛወረ፤ እንደ እኔ ግን ዝቅ አላለም። ዓመታት ሙሉ ይህን ግምገማ በልቤ ደግሜ ደግሜ ስከራከረው ኖርኩ። ሁልጊዜ እረታዋለሁ። ዳባት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ኢነርሺያ በደረሰ ቁጥር ሳጥኑን ከፍቼ ፕላዝማውን አብርቼ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ማንም አልገመገመኝም።

አሁን ስለዚያች ሴት ልንገራችሁ። የሻረግ ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ማሬ ትባላለች። ከዓመታት በኋላ ለገበያ ደባርቅ መጥቼ ነጭ ሽንኩርት ስገዛ የሻጯ መልክ ያዘኝ። ግንባሯ ከየሻረግ ጋር አንድ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የቄስ አስረስ።»

«ትምህርትሽንስ የት አደረስሽው?»

ሽንኩርቱን እየጎነጎነች ሳቀች። «እኔማ ፊደል እንኳ ሳልለይ ከአንደኛ አስቀሩኝ። አንዲት እህት ነበረችኝ፤ መምህሯ አትዝለሉ ብላት ሳትሰማ ቀርታ ሞተች። አባቴ ከዚያ ወዲህ የኛ ቤት ሴት ልጅ ቃል አይገባትም ብለው ቀሩ። ነፍሳቸውን ይማርና እስኪሞቱ እንደተቆጧት ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ለስንት ልስጥሽ፣ እማማ?»

ገዝቼ ሄድኩ። በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ያን ጊዜም ገዝቼ ተመለስኩ።

ይህን የምታነቡ፣ እስካሁን የጻፍኩትን መልሳችሁ ብታዩት አብዛኛው የርእሰ መምህሩ ክስ ነው። ብዙውም እውነት ነው። ግን ሐሙስን ዘልዬዋለሁ። ሐሙስ ክፍል ስገባ ፕላዝማው ሊጀምር አምስት ደቂቃ ነበረኝ። የራሴ አምስት ደቂቃ ነው፤ ማንም አይቀማኝም። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። አኩርፌ ነበር፤ ያለ እኔ ያስተምራቸው፣ ይየው ብዬ። የሻረግ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማክሰኞ ‹ዋናውን ስሙ› ብለውን ነበር። ዋናው ምንድን ነው?»

ሰዓቱን አየሁ። አራት ደቂቃ ይቀራል።

«ርእሰ መምህሩን ጠይቂው፣» አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ዓርብ ጠዋት አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

ማሬ፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው እንደምታገኚ ተስፋ አደርጋለሁ። እንዳታነቢ ያደረግኹሽ እኔ ነኝና። እህትሽ የተነገራትን ሁሉ ሰምታለች፤ የሰማችውን ሁሉ አድርጋለች። ምንም አልሳተችም። አባትሽን የዋሸኋቸው እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታሽ ለምን እንደሚሆነኝ አላውቅም።

ደብተሮቿ እኔ ዘንድ ናቸው። የፊዚክሱን ስትከፍቺ የማክሰኞውን ትምህርት ከጋሪው ሥዕል ጋር ታገኚዋለሽ። ከሥሩ በእጅ ጽሕፈቷ «ዋናው፦» ይላል። ቀጥሎ ሁለት መስመር ባዶ ትታለች፣ ስነግራት ልትሞላው።